የእጅ ሥራና የኩላሊት ጤና

ሰው ጥሮ ግሮ በላቡ የሚበላው እንጀራ የተከበረ ነው። ነገር ግን እንጀራውን የሚያስገኝለት ሥራ ጤናውን እንዳይነጥቀው መጠንቀቅ የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የአሠሪውና የቤተ ሰቡም ተግባር ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልናስታውስ የምንወደው፣ በእስትንፋስና በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ስለሚጎዳው ስለ ማሟሟቻ ፈሳሽ ነው።

ማሟሟቻ የሚባለው ቀለምን፣ ቅባትንና ሙጫን የሚያቀልጥ፣ ፈጥኖም የሚተን ፈሳሽ ነው። ቀለም ቀቢው በቲነር፣ መካኒኩ በቤንዚን፣ ጫማ ሠሪው በማስቲሽ፣ የቤት ዕቃ ሠሪው በቫርኒሽ ዘወትር ያገኘዋል። ክዳኑ ሲከፈት የሚሸተው ትነት በሳንባ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ በፈሳሹ እጁን የሚታጠብ ሰውም በቆዳው በኩል ይቀበለዋል።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠልላሉ፤ የሚበዛውን ወደ ደም መልሰው 1 ሊትር ተኩል የሚሆነውን በሽንት ያስወጣሉ። ስለዚህ ደም የተሸከመው መርዝ ብዙ ጊዜ እነርሱን ሳይነካ አያልፍም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለው ፈሳሽ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ የልብስ እድፍ ለማስለቀቅና እሳት ለማጥፋት ይሠራበት ነበር። እንደ ቤንዚን በእሳት ስለማይያያዝ ጉዳት የሌለበት መስሎ ታየ። ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትነቱን የሳቡ ሠራተኞች በመጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዛቸው፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ጉበታቸው ታመመ፣ ሽንታቸው እያነሰ ሄደ፤ የሞቱም ነበሩ። አልኮል የሚጠጡት ከሌሎቹ ይልቅ ተጎዱ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ፈሳሹ ለቤት አገልግሎት እንዳይሸጥ ከለከለ። እንግዲህ የማይነድ ነገር ሁሉ የማይጎዳ አይደለም።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ብረትን ከቅባት የሚያጠራው ትሪክሎሮኤቲሊን የኩላሊት ካንሰር እንደሚያመጣ በ2012 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አረጋግጧል። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ የኩላሊታቸው ማጣሪያ ከታመመባቸው ሰዎች መካከል በማሟሟቻ የሚሠሩት ሕመማቸው ፈጥኖ እንደሚብስ ገልጸዋል።

ቀለም ያሸተተ ሁሉ ኩላሊቱ ይታመማል ማለታችን አይደለም። ኩላሊትን ከሁሉ አብልጠው የሚጎዱት የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው፤ እነዚህ ያሉበት ሠራተኛ ግን ከባልንጀራው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ኩላሊት ታጋሽ ነው፤ ብዙው ኀይሉ እስኪደክም ድረስ አይጮኽም። ከደከመ በኋላ ግን ሰውየው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደሙን በመኪና ለማሳጠብ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ የቤቱ ገንዘብና ሰላም አብሮ ይታመማል።

ስለዚህ መስኮትና በር ተከፍቶ ይሠራ፤ የቆርቆሮው ክዳን ዘወትር ይዘጋ። እጅ በሳሙናና በውሃ እንጂ በቲነር አይታጠብ። የጨርቅ መሸፈኛ ትነትን ስለማያግድ፣ ለትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ ያስፈልጋል። ምግብ በሥራ ቦታ አይበላ። የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ ፈሳሹም ከቶ በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና።

አሠሪም መከላከያ መሣሪያ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተደንግጓል። ይህን መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን መብት ነው።

ፊቱ ወይም እግሩ የሚያብጥ፣ ሽንቱ አረፋ የሚያበዛ ወይም የሚያንስ ሠራተኛ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በምን ፈሳሽ እንደሚሠራም ስሙን ጠርቶ ይንገር። የሽንትና የደም ምርመራ የተሰወረውን ይገልጣልና፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ሳይታመምም ቢመረመር መልካም ነው። የቤት እመቤትም ባሏ ሲመለስ ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ሲሠራ ስለሚስበው አየርም ትጠይቀው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።