የሾኔ ነጋዴ አዲስ አበባ ሲገባ አልጋ የት ይይዛል?

ሾኔ ላይ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ሞተሩን ሲያስነሳ ባለንብረቱ የሚያሰላው የኩንታሉን ዋጋ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ሲደርስ የት ያድራል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ዳሩ ግን በዚህች ጥያቄ ምክንያት የጉዞው ትርፍ ሲሳሳ ያየ ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

ሾኔ ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሀዲያ ዞን ከተማ ናት። የባደዋቾ በቆሎ፣ ቦሎቄና በርበሬ የሚሰበሰብባት በመሆኗ ነጋዴዋ የመኪና መንገድ ልማዱ ነው። በሻሸመኔ በኩል የመጣ ቃሊቲ ይገባል፤ በቡታጅራ የመጣ ደግሞ በዓለም ገና አድርጎ አየር ጤና ይደርሳል። በሁለቱም መግቢያዎች አልጋ ቤት ሞልቷል፤ ግቢው ሰፊ ስለሆነም መኪና ማቆሚያ አይቸግርም። ከመርካቶ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ቀለል ይላል። እንግዲህ ለምን እዚያው አይታደርም?

መልሱ ያለው እህል በረንዳ ነው። እዚያ ገበያው የሚጀምረው ከተማው ሳይነቃ ነው። መኪናዎች ሌሊት ይገባሉ፤ ደላላው ጆንያ ወግቶ ናሙና ያወጣል፣ እርጥበቱንና ነቀዙን ያያል፣ ስንት መኪና እንደገባም ይቆጥራል። የዕለቱ ዋጋ ፈር የሚይዘው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ስለ ኢትዮጵያ የእህል ገበያ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት ደላላ በሩቅ ገበያዎች መካከል በሚደረገው ንግድ ውስጥ ያለውን ትልቅ ቦታ በሰፊው አሳይቷል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር የደላላው ዘመን ያበቃ መስሏቸው የነበሩ ነበሩ። በቆሎው ግን በአብዛኛው ከደላላው እጅ አልወጣም።

ነባር ደንበኝነት ያለው ነጋዴ እህሉን ልኮ ሾኔ መተኛት ይችላል፤ ደላላው ይሸጥለታል። ችግሩ የአዲሱ ነው። ደላላው ገና አያውቀውም፤ እሱም ደላላውን አያምንም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ከመኪናው አጠገብ መቆም አለበት።

ለሒሳብ ያህል ቁጥር እንውሰድ። አይሱዙው 50 ኩንታል ይዟል እንበል፤ የሚጠበቀው ትርፍ በኩንታል 100 ብር ነው፤ ጠቅላላው 5,000 ብር። መርካቶ አካባቢ አልጋ በ600 ብር፣ ቃሊቲ በ350 ብር ይገኛል ብንል፣ ለሦስት ሌሊት አንዱ 1,800 ሌላው 1,050 ብር ይሆናል። በቃሊቲው ላይ በቀን 120 ብር ትራንስፖርት ሲደመር 1,410 ይደርሳል። የተረፈው 390 ብር ነው። ነገር ግን ነጋዴው ከቃሊቲ ሲመጣ አርፍዶ፣ ገበያው ከሞላ በኋላ ደርሶ በኩንታል 20 ብር ቢያጣ 1,000 ብር ሄደ ማለት ነው። በርካሹ አልጋ ያተረፈውን ከሁለት እጥፍ በላይ አድርጎ ከሰረ።

ለአንዳንዱ ይህን ያቃልላል የተባለው በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ነበር። የሰሜን ደቡቡ መስመር ከቃሊቲ ተነስቶ በሰባተኛና በአውቶቡስ ተራ በኩል ያልፋል። ሆኖም ንጋት ላይ ለሚፈለግ ሰው አስተማማኝ አልሆነም፤ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸውም በየጊዜው ሲነገር ቆይቷል።

የመኪናውም ነገር አለ። በሐምሌ 2011 የከተማው አስተዳደር በጭነት መኪናዎች የቀን እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ሲጥል ብዙ ባለንብረት አልጋውን የመረጠው በራሱ ምቾት ሳይሆን መኪናው በሚቆምበት ቦታ ነበር። ሾፌርና ረዳት ጭነቱ ላይ ያድራሉ፤ ባለንብረቱ ግን ሌሊት አንዴ ወጥቶ ሸራውን ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ቀድሞ ነጋዴው የሸጠበትን ብር ትራስ ሥር አድርጎ ያድር ስለነበር ሆቴል ሲመርጥ በቅድሚያ የሚያየው የበሩን ቁልፍና የዘበኛውን ፊት ነበር። የመስከረም 2013 የብር ኖት ለውጥ በቤት የተከማቸውን ገንዘብ ወደ ባንክ ገፋው፤ ቴሌብር ደግሞ ከግንቦት 2013 ጀምሮ በስልክ መክፈልን አስለመደ። ዛሬ ሒሳቡ በባንክ ይተላለፋል። ታዲያ ገዢው "ነገ አስገባለሁ" ካለ ሻጩ አገሩ ገብቶ መጠበቅ ይችላል? ይችላል፤ ግን ደፍሮ የሚሄደው ጥቂቱ ነው። ቆሞ ያልጠየቁት ገንዘብ ይዘገያል የሚለው እምነት ገና አልጠፋም፤ እውነትነትም አለው። ከአልጋው ዋጋ ይልቅ የሌሊቶቹ ብዛት ነው ኪስ የሚጎዳው።

ዘመድ ቤት ማረፍስ? በነጻ ነው የሚል ካለ አልሞከረውም። ቅቤ ተይዞ ይኬዳል፤ ለልጆች ይሰጣል፤ ማታ ጨዋታው ይረዝማል፤ ንጋት ላይ በር ማስከፈት ያሳፍራል። ሆኖም ዘመዱ መርካቶ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የትኛው ገዢ ቼኩ እንደሚመለስ፣ የትኛው ደላላ ሚዛን እንደሚያጎድል ከአተካናው ጋር ይነገረዋል። ይህን የትኛውም ሆቴል አያቀርብም።

ከተማው ራሱም አልጋውን ያዛውራል። በ2012 አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ ፒያሳ በኩል ያድር የነበረ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ማረፊያውን መለወጥ ነበረበት። በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ በዚያ የነበሩ ርካሽ አልጋዎችም አብረው ሄዱ። የሾኔ ሰው ለመንግሥት ጉዳይ ሐዋሳ ያድርበት የነበረው ጊዜም አልፏል፤ በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ መንገዱ በአብዛኛው ወደ ሆሳዕና ዞሯል።

በቆሎው ተሸጦ ብሩ ከገባ በኋላ ደግሞ የመልስ ጭነት ይመጣል። ባዶ መኪና ሾኔ ማስገባት ኪሳራ ነውና ቆርቆሮ፣ ዘይት ወይም ሳሙና ይፈለጋል። አስመጪው መጋዘኑን ከመርካቶ ውጭ አድርጎ ከሆነ ነጋዴው የመጨረሻውን ሌሊት እዚያው መርካቶ ማደሩ ትርጉም የለውም። ሻንጣውን ይዞ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፤ ጠዋት ይጭናል፤ ለሾኔ ገበያ ቀንም ይደርሳል።