ወደ ፊንጫ ሀበራ የሚደረግ የተራራ ጉዞ እንዴት ይሰናዳል

የገለምሶ ሰው ለረጅም መንገድ እንግዳ አይደለም። ከጨርጨር ተነሥተው ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን በእግር የሚሄዱ ምእመናን ባለ መንታ ጫፍ በትራቸውን ይዘው የዋቢ ሸበሌን ሸለቆ ሲሻገሩ ኖረዋል። ውሃውንና ማደሪያውን ሳይጠይቁ፣ ጓደኛም ሳያበጁ አይነሡም። እኛ ተማሪዎች ግን ጉልበት ካለ ይበቃል እያልን እንነሣለን። ይህ ጽሑፍ ከፍ ወዳለ ተራራ የሚደረግ ጉዞ በምን ዓይነት አሳብ መሰናዳት እንደሚገባው ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው መድረሻ በባሌ ተራሮች፣ በወይብ ሸለቆ የሚገኘው የፊንጫ ሀበራ የአለት መጠለያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍ ይላል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በዚህ ስፍራ እየተመላለሱ ኖረዋል፤ የባሌን ትልቅ ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል፤ የመሣሪያቸውንም ጥቁር የመስተዋት ድንጋይ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ከሰነቴ አምባ አምጥተዋል። ጥናቱ በታተመበት ጊዜ ከታወቁት የደጋ ተራራ መኖሪያዎች ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው ተብሎ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ አንድ ጎጆ ለማየት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ብርድንና የአየር መሳሳትን እንዴት እንደ ቻለ ለመመርመር ይሄዳል።

የመጀመሪያው ችግር ከፍታው ነው። ገለምሶ 1,800 ሜትር ያህል፣ የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ግን 3,100 ሜትር ያህል ነው። በፊንጫ ሀበራ ከፍታ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ሊለምድ ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ።

ይህን የምጽፈው ካጠፋሁት ተምሬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አምስት ሆነን ከገለምሶ ተነሣን፤ ያለ ዕረፍት ተጉዘን ሌሊት ዲንሾ ደረስን፤ በማግሥቱም ሸክማችንን ይዘን ወጣን። ማታ አንዱ ጓደኛችን ራሱን አመመው፣ አስመለሰውም። ፈሪ እንዳይባል ስለ ሰጋ ዝም አለ፤ እኛም ድካም ነው አልን። ሲነጋ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ያን ጊዜ በፈረስ አድርገን አወረድነው፤ ወደ ዝቅተኛው አገር እየወረድን ስንሄድም ተሻለው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ከዚያ በላይ አለመውጣት፣ መንገዳገድ ወይም ቁጭ ብሎ ማለከት ሲታይ ግን ሌሊትም ቢሆን መውረድ እንደሚያስፈልግ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

እንግዲህ የቀን ምደባው እንዲህ ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን በበዴሳ፣ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና በአዳማ በኩል ሄዶ 2,430 ሜትር ከፍ በምትለው በአሰላ ማደር፤ በሁለተኛው ቀን በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ መድረስ፤ በሦስተኛው ቀን እዚያው ውሎ ያለ ሸክም መንሸራሸር፤ በአራተኛው ቀን የአካባቢውን መሪና የጭነት ፈረስ ይዞ ወደ ሸለቆው መውጣት።

የእግር ጉዞውን ሰዓት ለመገመት ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ይረዳል። ይኸውም ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገትም ሌላ አንድ ሰዓት መስጠት ነው። 20 ኪሎ ሜትርና 400 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ግማሹን ብንጨምርበት 7 ሰዓት ይሆናል። ጧት በ1 ሰዓት የተነሣ ሰው በ8 ሰዓት ይደርሳል። በዕቅዱ መሠረት ያልሄደ ቡድን የሚመለስበት ሰዓትም ከመነሻው በፊት ተቈርጦ መታወቅ አለበት፤ በመንገድ ላይ ከተወሰነ እልክ ይፈርዳልና።

ለጉዞው የሚሻለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ሙቀት በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ከገለምሶ ይልቅ በመጠለያው ዘንድ 10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። የጥጥ ጋቢ ከረጠበ አያሞቅም፤ የሱፍ ልብስና የዝናብ መከላከያ ያስፈልጋል። በዚያ ከፍታ ውሃ 89 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ምስር ቶሎ አይበስልም፤ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይመረጣሉ። የአስታን ዛፍ ለማገዶ መቍረጥ አይገባም፤ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ስለዚህ ምድጃ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው።

በመጨረሻ፣ ከመነሣት በፊት አምስቱም ሰዎች አንድ ነገር ይስማሙ፤ የሕመም ስሜት የተሰማው ሁሉ ሳያፍር ይናገር፤ የሚወርድም ቢኖር ብቻውን አይውረድ። የጉዞው ፍጥነት በደካማው እግር ይለካ። መጠለያው ብዙ ሺህ ዓመት ቈይቷል፤ ለሚቀጥለውም ዓመት ይቈየናል።