ጄሪማንደር፦ ከምርጫው ቀድሞ የሚሰመር መስመር

የአሜሪካን ምርጫ የሚከታተል ሰው «ጄሪማንደር» የሚለው ቃል ሳያጋጥመው አይቀርም። በየ10 ዓመቱ ከሚካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የምርጫ ክልሎች እንደገና ሲካለሉማ ከፖለቲከኞች አፍ አይጠፋም። የምርጫ ክልልን ወሰን ለአንድ ወገን እንዲያደላ አድርጎ መሸንሸን ማለት ነው።

ቃሉ የተወለደው በማሳቹሴትስ ነው። በ1812 እ.ኤ.አ. አገረ ገዥው ኤልብሪጅ ጌሪ ፓርቲያቸውን የሚጠቅም የክልል አከፋፈል ፈርመው አጸደቁ። በኤሴክስ አውራጃ ከተሰመሩት ክልሎች አንዱ ዳር ዳሩን የሚጥመለመል ነበር። «ቦስተን ጋዜት» በማርች 26 ይህንኑ ካርታ ክንፍ፣ ጥፍርና ጥርስ ያለው አውሬ አድርጎ አተመው፤ ሳላማንደር ከተባለው እንሽላሊት መሰል እንስሳ ስም ጋር የአገረ ገዥውን ስም አዳቅሎም መጠሪያ አወጣለት። በዚያ ዓመት ተቃዋሚዎቹ ፌዴራሊስቶች በጠቅላላ ድምፅ ቢበልጡም ከ40ዎቹ የግዛቲቱ ሴኔት መቀመጫዎች ያገኙት 11 ብቻ ነው። ጌሪ ራሳቸው ግን ተሸነፉ፤ አገረ ገዥ የሚመረጠው በመላው ግዛት ድምፅ ስለሆነ የክልል መስመር አያድነውም።

አሠራሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። 15 መራጮች አሉ እንበል፤ 9ኙ የ«ሀ»፣ 6ቱ የ«ለ» ደጋፊዎች ናቸው። አምስት አምስት እየሆኑ በሦስት ክልል ይመደባሉ። አምስት የ«ሀ» ሰዎች አንድ ክልል ውስጥ ቢታጨቁ፣ የቀሩት አራቱ ለሁለቱ ክልሎች ሁለት ሁለት ይደርሳሉ። በእነዚህ ክልሎች «ለ» ሦስት ለሁለት ያሸንፋል። ጥቂቱ ወገን ሁለት መቀመጫ ወሰደ ማለት ነው። አንድም ኮሮጆ አልተነካም፤ ስለዚህ ቃሉን ለድምፅ ስርቆት መጠቀም ስህተት ነው። ክልል በተካለለ ቁጥር ሁሉ ጄሪማንደር ተደረገ ማለትም አይቻልም፤ ማዳላት መኖር አለበት።

እጅግ የከፋው የዘር ልዩነት ሲታከልበት ነው። አላባማ በ1957 አራት ማዕዘን የነበረውን የተስኪጊ ከተማ ወሰን በሕግ ባለ 28 ጎን አደረገችው። ወደ 400 ከሚጠጉ ጥቁር መራጮች ከአራት ወይም ከአምስት በቀር ሁሉም ከከተማው ውጭ ሆኑ፤ ከነጮቹ አንድም አልወጣም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 ጥቁሮቹ ከሳሾች ያቀረቡት አቤቱታ ከተረጋገጠ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ።

ለፓርቲ ጥቅም ሲባል የሚደረገውን ግን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት እንደማይችሉ ያው ፍርድ ቤት በ2019 ወስኗል። እናም ጉዳዩ በየግዛቱ ሕግና ፍርድ ቤት እጅ ቀርቷል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያም ሆነ በሌሎች ግዛቶች ድምፅ የምትሰጡ ወገኖች፣ የምትመርጡትን ዕጩ ከማወቅ ጎን ለጎን የምርጫ ክልላችሁን ካርታም ተመልከቱ።