የኦስሎ ከንቲባ፣ የኖርዌይ «የአገር አባት»

ኖርዌጂያውያን አይናር ጌርሃርድሰንን «የአገር አባት» ብለው ይጠሯቸዋል። በሦስት ጊዜ ሹመት 17 ዓመት ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩ ስሙ አይበዛባቸውም። እኔ ግን አገር መምራትን የተማሩት ከተማ ሲያስተዳድሩ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1897 ለኦስሎ ቅርብ በሆነችው አስከር ከመንገድ ሠራተኛ አባት ተወለዱ፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው በዋና ከተማዋ መንገድ ሠርተዋል። ከሠራተኛ ማኅበር ወደ ሠራተኞች ፓርቲ፣ በ1932 ደግሞ ወደ ኦስሎ ምክር ቤት ገቡ። የዚያን ዘመን ኦስሎን ካስጨነቁት ነገሮች ዋናው የቤት እጦት ነበር። ከተማው መሬት ሲሰጥ፣ በ1929 የተመሠረተው ኦቦስ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ቤት ይሠራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጌርሃርድሰን መንግሥት በ1946 የመንግሥት የቤቶች ባንክን ሲያቋቁም፣ ለተራው ሰው ቤት በርካሽ ብድር ማቅረብ የአገር ሥራ ሆነ። የከተማው ትምህርት ወደ አገር ሲሰፋ እዚህ ላይ ይታያል።

«ሰውዬውን ያገነናቸው ጦርነቱ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በ1940 ከንቲባ ቢሆኑም የጀርመን ወራሪዎች ከሹመታቸው አነሷቸው፤ በ1941 አሰሯቸው፤ በጀርመን ዛክሰንሃውዘን፣ ኋላም በኖርዌይ ግሪኒ እስር ቤት ቆዩ። መከራው ክብር ሰጥቷቸዋል። ነገር ግን እስር ቤት የቆየ ሰው ሁሉ በሚቀጥለው ወር መንግሥት ማቋቋም አይችልም። በግንቦት 1945 ተፈተው ወደ ከንቲባነታቸው ተመለሱ፤ በሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሁሉም ፓርቲዎች የተስማሙበትን የጋራ መርሐ ግብር ይዘው የጥምር መንግሥት መሠረቱ። በዚያው ዓመት ምርጫ ፓርቲያቸው ከ150 መቀመጫዎች 76ቱን አገኘ።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ የአንድ ፓርቲ ረጅም አገዛዝ መንግሥትን ቸልተኛ ያደርጋል የሚለው ነው። በኅዳር 1962 በስቫልባርድ፣ ኪንግስ ቤይ በተባለው የመንግሥት ድርጅት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 21 ሠራተኞች ሞቱ። በዚህ ምክንያት የአገሪቱ ፓርላማ በነሐሴ 1963 መንግሥታቸውን በድምፅ ጣለው። በእኔ ፍርድ ይህ ተገቢ ነበር፤ የሠራተኛ ልጅ የሚመራው መንግሥት ለሠራተኛ ሕይወት ከማንም በላይ ተጠያቂ መሆን አለበትና። ተተኪው የዮን ሊንግ መንግሥት ግን አራት ሳምንት ብቻ ቆየ። ጌርሃርድሰን ተመልሰው እስከ 1965 መሩ፤ በ1987 በ90 ዓመታቸው አረፉ።