የሕፃን እግርና እጅ ትምህርት

አዲስ የተወለደ ሕፃን በብብቱ ተይዞ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ነገር ሲነካ፣ አንዱን እግር አንሥቶ ሌላውን እያስከተለ ይራመዳል፤ ይህ ወላጆችን የሚያስደንቅ እንቅስቃሴ ግን ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ይጠፋና፣ ከብዙ ወራት በኋላ ልጁ በራሱ ፈቃድ ሊቆም ሲነሣ ተመልሶ ይታያል። የቀድሞ ሊቃውንት ይህን ሲተረጉሙ፣ የአንጎል ላይኛው ክፍል እየበሰለ ሲሄድ የታችኛውን ክፍል የደመ ነፍስ እንቅስቃሴ ያግደዋል ይሉ ነበር። አስቴር ቴለን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ግን ከባልደረቦቿ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ነገሩን በሌላ መንገድ ፈተነችው፤ ሕፃናቱን ወገባቸውን አልፎ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አቁመው ቢመለከቱ እርምጃቸው በረታ፤ በእግራቸው ላይ ጥቂት ክብደት ቢጨምሩባቸው ደግሞ እርምጃቸው ቀነሰ። እንግዲህ ለእርምጃው መጥፋት ምክንያቱ የአንጎል ክልከላ ሳይሆን፣ ጡንቻው ሳይበረታ ስቡ ቀድሞ የሞላው እግር መክበዱ ሆኖ ተገኘ።

ከቴለን ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን በሲኒማ ፊልም እየቀረፀ ያጠና የነበረው አርኖልድ ጌሴል፣ የሰውነት ሥልጣን ከራስ ወደ እግር፣ ከግንደ አካልም ወደ ጣት ጫፍ በተወሰነ ተራ እየበሰለ እንደሚወርድ አስተምሯል። ሥርዓቱን በማየት አልተሳሳተም፤ ሕፃን አንገቱን ሳያጸና አይቀመጥም፤ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርዱት ነርቮችም መልእክትን የሚያፋጥነውን፣ ማየሊን የተባለውን ቅባታም ሽፋን የሚለብሱት ከልደት በኋላ ባሉት ዓመታት ቀስ በቀስ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ፣ እንቅስቃሴ ያለ ልምምድና ያለ ፈቃድ እንደ አበባ በራሱ ጊዜ የሚፈነዳ ብቻ ነው ማለት፣ የልጁን ድካም መካድ ይሆናል።

ያ ድካም ምን ያህል እንደ ሆነ ያስታወቀችን፣ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምትመራመረው ካረን አዶልፍ ናት። እርስዋና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከ12 እስከ 19 ወር የሆናቸው ልጆች እንደ ልባቸው ሲጫወቱ ተቈጥሮ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ ሲራመዱና 17 ጊዜ ሲወድቁ ተገኝተዋል። ታዲያ ዳዴ በማለት የሠለጠነ ልጅ ያን የተካነውን ችሎታ ትቶ ለመውደቅ ስለ ምን ይነሣል? ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ በዚያው ጊዜ ውስጥ ከሚድኸው የበለጠ ርቀት ይሄዳል፤ የተጓዘው ርቀት ሲታሰብም ውድቀቱ ከሚድኸው ልጅ ውድቀት አይበልጥም። ቆሞ ሲሄድ ደግሞ ዓይኑ ከወለሉ ከፍ ብሎ ቤቱን ሁሉ ያያል፤ እጁም ለሥራ ነጻ ይወጣል። ስለዚህ ቦታውን ከእሳት፣ ከስለትና ከገደል አጽድቶ፣ ልጁ ወድቆ እንዲነሣ መፍቀድ ከቶ ጭካኔ አይደለም።

የአገር ልማድም በዚህ ትምህርት ውስጥ ድርሻ አለው። ቻርልስ ሱፐር በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ኬንያ ኪፕሲጊስ ሕዝብ በጻፈው ጥናት፣ እናቶች መቀመጥንና መራመድን ሆን ብለው ለልጆቻቸው እንደሚያስለምዱ፣ ልጆቹም በእነዚህ ከአሜሪካ ልጆች እንደሚቀድሙ፣ ማንም በማያስለምዳቸው በመዳህ ግን እንደማይቀድሙ አሳይቷል። እኛም ዘንድ አያት የልጅ ልጇን አቁማ፣ እጇን ለቅጽበት ለቀቅ እያደረገች «ወፌ ቆመች» ስትለው፣ በጨዋታ መልክ ሚዛን መጠበቅን እያስተማረችው ነው። የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ሄደ ብሎ መጨነቅ ግን አያስፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ብቻውን የመራመጃው ጊዜ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር የተዘረጋ ሲሆን፣ ከመቶው 4 የሚሆኑት ልጆች በእጅና በጉልበት ሳይድኹ ወደ መራመድ አልፈዋል።

የእጅ ነገር ከእግር ይልቅ የረቀቀ ነው። ሕፃን ሲወለድ መዳፉን የነካውን ጣት አጥብቆ ይጨብጣል፤ ጭበጣው ግን ፈቃድ የሌለበት ስለ ሆነ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ እየደከመ ይጠፋና፣ በፈቃድ መያዝ ይተካዋል። ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ሲጀምር፣ ሰውነቱን ከመደገፍ ያረፉት እጆቹ ያገኙትን ሁሉ ይመረምራሉ፤ አስቀድሞ በሙሉ መዳፉ እየጠረገ ያፍሳል፤ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ግን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ የእንጀራ ፍርፋሪ ይለቅማል። (ያን ጊዜ ወለል ላይ የወደቀ ቆሎ ሁሉ ወደ አፉ ስለሚገባና ትንፋሹን ሊዘጋው ስለሚችል፣ ልጁ የሚውልበትን ቦታ አዘውትሮ መጥረግ ግድ ነው።)

ከመያዝ ይልቅ የሚከብደው መልቀቅ ነው። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ማንኪያውን ደጋግሞ ሲጥል ብዙ ወላጅ እንደ ብልግና ይቈጥረዋል፤ እኔን ግን ከዚያ ዕድሜ ሥራዎች ሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጣቶቹን የሚያጥፉትን ጡንቻዎች አርግቦ የሚዘረጉትን በፈለገው ሰዓት ማዘዝ ታላቅ ጥበብ ነውና። የእንጨት ኩብ በኩብ ላይ መደርደር የሚችለው ይህን ሲማር ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል ሲሆነው 3 ወይም 4፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው 6 ያህል ይከምራል። በጎልማሳ የእጅ አንጓ ውስጥ ያሉት 8 ትናንሽ አጥንቶች በልደት ጊዜ ሁሉም ገና ልም አጥንት ናቸው፤ የመጨረሻውም የሚጠነክረው ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ከዓመታት በኋላ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ እርሳስን በጡጫው ጨብጦ በሙሉ ክንዱ ሲሞነጫጭር፣ አጥንቱም ጡንቻውም ነርቩም ገና እየተዘጋጁ ስለ ሆነ፣ እንደ ጸሐፊ ይዘህ ጻፍ ብሎ ማስገደድ ከንቱ ነው፤ ይልቅስ እናቱ ስታቦካ ቁራሽ ሊጥ ብትሰጠው፣ ውሃ ከጣሳ ወደ ጣሳ ቢገለብጥ፣ ጭቃ ቢጠፈጥፍ፣ ጣቶቹ የሚሹትን ሥራ ያገኛሉ።

ቀኝ ወይም ግራ የመሆን ባሕርይ ደግሞ ቀስ በቀስ ይገለጣል፤ በብዙ ልጆች ዘንድ የሚጸናው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በማእዳችን ቀኝ እጅ የተከበረ ስለ ሆነ ግራኙን ልጅ መቈጣት ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ ግራኝነት ግን ጉድለት አይደለም። ወላጅ ሊያስተውለው የሚገባው ሌላ ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ በአንዱ እጁ ብቻ የሚይዝ፣ ሌላውን ጨብጦ ወይም አድክሞ የሚተው ሕፃን፣ ይህ የነርቭ ወይም የአንጎል ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት፤ የሕፃን አንጎል በእነዚያ ዓመታት ለልምምድ እጅግ የተመቸ ስለ ሆነ፣ በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ብዙ ይጠቅማል።