የመስክ ጥናት ስያሜዎች፦ «መረጃ አቀባይ» ወይስ «አስረጂ»?

ሥነ ሰብእን (አንትሮፖሎጂን) የሚማር ተማሪ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት የሚያጠናቸው ዘዴዎች በአብዛኛው በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። በሌላ ሙያ አንድ ስያሜ ቢሳሳት የሚቸገረው አንባቢ ነው፤ በዚህ ሙያ ግን ስያሜው በሚጠናው ሰው ፊት የሚነገር ስለ ሆነ፣ ሥራውን ከመነሻው ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ከዋና ዋናዎቹ አራቱን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው የሥራው የራሱ ስም ነው። «ምርምር»ም «ምርመራ»ም «መረመረ» ከሚለው ግስ የወጡ ቢሆኑም፣ በአገልግሎት ተለያይተዋል። ምርምር የሊቃውንት ሲሆን፣ ምርመራ የሐኪምና የፖሊስ ሆኗል፤ «ተመራማሪ»ና «መርማሪ»ም እንደዚሁ ናቸው። ተማሪው ከሰው ደጅ ቆሞ «ለምርመራ መጣሁ» ቢል፣ ባለቤቱ የሚጠየቀው ስለ ሠርግ ልማድ ሳይሆን ስለ ወንጀል መስሎት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ልማዳችሁን ልማር መጣሁ» ማለት ግን ለጆሮ የሚቀና ከመሆኑም በላይ፣ ለእውነቱም የቀረበ ነው።

ሁለተኛው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ የማጥናት ዘዴ ስያሜ ነው። ብሮኒስላው ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ በሁለት ዙር በትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳኑን በመንደሩ መካከል ተክሎ፣ ቋንቋውንም ተምሮ ከኖረ በኋላ፣ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ይህን ዘዴ በሰፊው አብራርቷል። በአማርኛ ዘዴውን «ትዝብት»፣ አጥኚውንም «ታዛቢ» ለማለት የሚቃጣው ተርጓሚ ይኖራል። ነገር ግን «ታዘብሁህ» የተባለ ሰው ተመሰገንሁ አይልም፤ የምርጫ ታዛቢም የሚቀመጠው ጉድለት እንዳይፈጸም ነው። ትዝብት ፍርድ ያለበት ማየት ነው። «ተሳትፏዊ ምልከታ» የሚለው ስያሜ ከዚህ ነቀፋ የነጻ ሲሆን፣ የዘዴውንም ሁለት ጫፎች ይይዛል። ተሳትፎ ብቻውን ጎረቤት ያደርጋል፤ ምልከታ ብቻውን መንገደኛ ያደርጋል። በልቅሶ ቤት ደብተር አይገለጥም፤ ተማሪው ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ይውልና የመስክ ማስታወሻውን ማታ ከማደሪያው ይጽፋል።

ሦስተኛው ለቋንቋ ምሁራን እንግዳ ያልሆነ ጥንድ ነው። ኬኔት ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1954 «ኤሚክ»ና «ኤቲክ» የሚሉትን ቃላት የፈጠረው፣ ፎኔሚክና ፎኔቲክ ከሚሉት የሥነ ድምፅ ቃላት መጨረሻቸውን ቆርጦ ነው። የተቆረጠ ቃል በአማርኛ ትርጉም ስለማይሰጥ፣ «ውስጣዊ እይታ»ና «ውጫዊ እይታ» ማለቱ ይበጃል። ለምሳሌ ያህል፣ ተማሪው በደብተሩ «ቡና ሦስት ጊዜ ተጠጣ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከውጭ የታየውን በትክክል ቈጥሯል። ለባለቤቶቹ ግን የተጠጣው አቦል፣ ቶናና በረካ ነው። በረካው ሳይደርስ የተነሣ እንግዳ በውጫዊው እይታ አንድ ስኒ ጐደለበት፤ በውስጣዊው እይታ ግን ምርቃቱ አመለጠው። ስለዚህ የመስክ ማስታወሻ የሰውየውን ቃል እንደ ተነገረ ይመዘግባል፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው «ኢንፎርማንት» ነው። የተለመደው ትርጉም «መረጃ ሰጪ» ወይም «መረጃ አቀባይ» የሚል ነው። «መረጃ» ግን የስለላም ቃል ነው፤ «አቀባይ»ም ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያሳልፍ እንጂ ራሱ የሚያውቅ አይደለም፤ «ወሬ አቀባይ» የሚለውን ማስታወስ ይበቃል። በጆሮ ጠቢ ሲፈራ በኖረ አገር ይህን ስም በአንድ ሽማግሌ ላይ መለጠፍ፣ ሽማግሌውን በጎረቤቶቹ ዘንድ ማስጠርጠር ነው። «አዋቂ» እንዳይባል ደግሞ፣ ቃሉ ለጠንቋይም ይነገራል።

የሙያውን እውነት የሚያሳይ አንድ የቆየ ምሳሌ አለን። ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ፤ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄደው አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ያወጣቸውም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእኒህ ካህን ዕውቀት ብዙ የቀዱ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስን መረጃ አቀባይ ማለት የሚያስደፍር አይደለም፤ ያስረዱ ነበር እንጂ።

እንግዲህ «አስረጂ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «አስረዳ» የሚለው ግስ ተናጋሪውን ዐዋቂ፣ ሰሚውን ተማሪ ያደርጋል። «ማስረጃ» የሚለው ዘመዱ የፍርድ ቤት ሽታ እንዳለው አንክድም፤ ቢሆንም «አስረጂ» በራሱ ማንንም አያስጠረጥርም። በጠቅላላው ለመስክ ጥናት የሚመረጥ ስያሜ ሁሉ አንድ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ይኸውም ተማሪው በሰውየው ፊት ሳያፍር ሊናገረው ይችላልን? የሚል ነው። «እርስዎ መረጃ አቀባዬ ነዎት» ለማለት ምላስ ይከብዳል፤ «እርስዎ አስረጂዬ ነዎት» ማለት ግን አክብሮት ነው።