ዶላር ወይስ ዩሮ? ማሽኑ ሲጠይቅ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲያትል ወይም በዳላስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የመርከብ ሽርሽር ሲያስብ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ትኬቱ ዋጋ ነው። ትልቁ ወጪ እሱ ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። የጉዞ ቦታ በማስያዝ ሥራ ላይ ያለን ሰዎችም አዘውትረን የምንጠየቀው ካቢኑ ባሕር ያሳያል ወይ፣ ምግቡ በዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይ፣ ለልጆች ቅናሽ አለ ወይ እየተባልን ነው። ከተሳፈሩ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ በየትኛው ካርድ፣ በየትኛው አገር ገንዘብ ቢከፈል ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ካርድ ከተነሣም ወሬው ሁሉ ስለ ፖይንትና ስለ ማይል ይሆናል። እኔ የምከራከረው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ብዬ ነው። ውጭ አገር ስንከፍል ምንዛሪውን መሥራት ያለበት የካርዳችን ድርጅት እንጂ ሻጩ አይደለም። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ሲያቀርብልን መምረጥ ያለብን ዕቃው የተተመነበትን የአገሩን ገንዘብ ነው። የፖይንቱ ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይዘዋወርም። ተሳፋሪው ሲገባ የባንክ ካርዱን ያስመዘግባል፤ ከዚያ ወዲያ ለማኪያቶውም፣ ለኢንተርኔቱም፣ ለፎቶግራፉም፣ በየወደቡ ለሚደረገው ጉብኝትም የሚያሳየው የካቢኑን ቁልፍ ካርድ ነው። ሂሳቡ ይጠራቀምና በጉዞው መጨረሻ ከተመዘገበው የባንክ ካርድ ላይ ይነሣል። ምንም ያልገዛ ሰው እንኳ የሠራተኞች ጉርሻ ይታሰብበታል፤ በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። በ18 ዶላር ብናሰላው አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ በ7 ሌሊት 504 ዶላር ይከፍላል። ሂሳቡ በምን ገንዘብ እንደሚያዝ የሚወስነው ደግሞ የኩባንያው አሠራር እንጂ መርከቡ የቆመበት ወደብ አይደለም። ሮያል ካሪቢያን፣ ካርኒቫልና ኖርዌጂያን ከባርሴሎና ቢነሡም የመርከቡን ሂሳብ የሚይዙት በዶላር ነው። ኤምኤስሲና ኮስታ በሜዲትራኒያን በዩሮ ይሠራሉ፤ ኤምኤስሲ ከማያሚ ሲነሣ ግን በዶላር ነው። አንድ ተሳፋሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ መርከቡ ላይ ዶላር፣ ግሪክ ሲወርድ ዩሮ፣ ኩሻዳሲ ሲወርድ ደግሞ የቱርክ ሊራ ሊገጥመው ይችላል።

ገንዘቡ የሚባክነው በካርድ ማሽኑ ትንሽ መስኮት ላይ ነው። ሳንቶሪኒ ላይ የ84 ዩሮ ዕቃ ተገዛ እንበል፤ ለስሌት እንዲመቸን የዕለቱን የገበያ ምንዛሪ 1 ዩሮ በ1.10 ዶላር እንያዘው። ካርዱ እንደገባ ማሽኑ የአሜሪካ ካርድ መሆኑን ያውቃል። መስኮቱ ላይ ከላይ ዩሮ 84.00፣ ከታች ዶላር 97.02 ይመጣል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ተመኑ 1.1550 መሆኑ፣ ጭማሪውም 5 በመቶ መሆኑ ይጻፋል። በካርዱ ድርጅት ምንዛሪ ቢሠራ ኖሮ ያው ዕቃ 92.40 ዶላር ገደማ ነበር። ልዩነቱ 4.62 ዶላር ነው፤ ይህ እንግዲህ አንድ ሱቅ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሻጩ ማሽኑን ወደ ገዢው ከማዞሩ በፊት ዶላሩን ራሱ ተጭኖ ይጨርሳል። ደረሰኙ ላይ «ምርጫ ተሰጥቶኝ ተስማምቻለሁ» የሚል መስመር ታትሞ ይወጣል። ቪዛና ማስተርካርድ በደንባቸው ምርጫው የካርዱ ባለቤት እንዲሆን ያስገድዳሉ። ስለዚህ የምስጢር ቁጥር ከማስገባትዎ በፊት መስኮቱን አንብበው «በዩሮ ይሁንልኝ» ማለት መብትዎ ነው። ካለፈ በኋላ ካዩትም እዚያው ቆመው ክፍያው ተሰርዞ እንደገና እንዲሠራ ይጠይቁ፤ ሱቁን ለቅቀው ከወጡ በኋላ ማስመለሱ አድካሚ ነው።

ይህ አሠራር በሙያው ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ይባላል። ለደንበኛ ምቾት ተብሎ ይቅረብ እንጂ ጭማሪውን የሚካፈሉት አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት፣ የሻጩ ባንክና ሻጩ ራሱ ናቸው። በተለምዶ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ለከፋዩ እንዲነገረው አዝዟል፤ ግዴታውም ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። ደንቡ በዋናነት በኅብረቱ ውስጥ የተሰጡ ካርዶችን የሚመለከት ቢሆንም፣ ከፋዩ ዋጋውን ሳያውቅ እንደሚስማማ የኅብረቱ ሕግ አውጪዎች መረዳታቸውን ያሳያል። ቪዛና ማስተርካርድ በበኩላቸው የዕለቱን ተመናቸውን በይፋ ያወጣሉ፤ ከጅምላው የምንዛሪ ገበያ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ተራ ሰው በችርቻሮ ሊያገኝ ከሚችለው የተሻለ ነው ማለት ይቻላል።

ኤቲኤም ላይ ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ይመጣል። ማሽኑ ተመኑን ያሳይና «እቀበላለሁ» ወይም «አልቀበልም» ይላል። ብዙ ሰው «አልቀበልም» ካልኩ ገንዘቡ አይወጣልኝም ብሎ ይፈራል። አይደለም። ያልተቀበሉት የማሽኑን ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ስሌቱን የእርስዎ ባንክ ይሠራዋል።

አሁን ወደ መርከቡ ሂሳብ እንመለስ። ቤተሰቡ የተሳፈረው በዩሮ በሚሠራ መርከብ ነው፣ የሳምንቱ ሂሳብም 2,000 ዩሮ ደርሷል እንበል። በ1.10 ተመን የውጭ ግብይት ክፍያ በማይጠይቅ ካርድ የሚከፈለው 2,200 ዶላር ነው። በአሜሪካ የተለመደውን 3 በመቶ በሚያስከፍል ካርድ 2,266 ይሆናል። ሂሳቡ በ5 በመቶ ጭማሪ ወደ ዶላር ተለውጦ ቢነሣ 2,310 ይሆናል። በዚያ ላይ ባንኩ 3 በመቶውን ከጨመረ 2,379.30 ይደርሳል። ከመጀመሪያው ጋር ያለው ልዩነት 179.30 ዶላር ነው። በዚሁ ወጪ ላይ 2 በመቶ የሚመልስ ጥሩ የፖይንት ካርድ የሚያስገኘው 44 ዶላር ነው። ፖይንትን አልጠላም፤ ግን 44 ዶላር ለማግኘት ብሎ የካርዱን ክፍያና የሻጩን ምንዛሪ ሳያይ 179 የሚያወጣ ሰው ስሌቱን አልሠራውም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለ እርግጠኝነት ነው። በዶላር ብከፍል የከፈልኩትን እዚያው አውቃለሁ፣ በዩሮ ብከፍል ግን ሂሳቡ እስኪወራረድ ተመኑ ሊጨምር ይችላል ይባላል። ክርክሩ ውኃ የሚቋጥር ይመስላል። ሆኖም ግዢው በካርዱ ሂሳብ ላይ የሚሰፍረው በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ በዚያ ጊዜ ዋና ዋና ገንዘቦች የሚወጡትና የሚወርዱት ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ ባነሰ ነው፣ ያውም ወደ ታች ሊሆን ይችላል። ምናልባት ይመጣ ይሆናል ለሚባል ትንሽ ልዩነት ሲባል የተረጋገጠ 5 በመቶ መክፈል መድን አይባልም። ዋጋውን በዶላር ማወቅ የፈለገ ሰው ስልኩ ላይ በሰኮንዶች ያሰላዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «የእኔ ካርድ 3 በመቶ ያስከፍላል፤ ዶላር ብመርጥ ከዚያ ክፍያ አመልጣለሁ» የሚል ነው። ማምለጡ ግን ብዙ ጊዜ አይሳካም። በርካታ የአሜሪካ ባንኮች በውላቸው የውጭ ግብይት የሚሉት ከአሜሪካ ውጭ ባለ ሻጭ በኩል ያለፈን ክፍያ ሁሉ ነው፤ በዶላር ቢሆንም ለውጥ የለውም። ያኔ ሰውየው ጭማሪውንም ክፍያውንም ደርቦ ይከፍላል። በመርከብ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። መርከቡ የባሃማስ ወይም የፓናማ ባንዲራ ቢያውለበልብም ወሳኙ ኩባንያው የካርድ ክፍያ የሚቀበልበት ባንክ የት አገር ነው የሚለው ነው። ለዚህ ነው ሂሳቡ በዶላር በሚያዝበት መርከብ ላይ ጭምር የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለውን ካርድ ማስመዝገብ የምመክረው። እውነት ለመናገር ተቃውሞው የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ፦ ባንክዎ በዶላር ለተከፈለ የውጭ ግብይት ምንም እንደማይጠይቅ በጽሑፍ ካረጋገጡ፣ የሻጩም ጭማሪ ከካርድዎ 3 በመቶ ካነሰ፣ ዶላር መምረጥ ያዋጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳያውቁ መገመት ግን አያዋጣም።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ከጉዞው በፊት ካርዱን መለወጥ ነው። የውጭ ግብይት ክፍያ የማይጠይቁ፣ ዓመታዊ ክፍያም የሌላቸው ካርዶች አሜሪካ ውስጥ ሞልተዋል። ሁለት መያዝ፣ አንዱም ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ቢሆን ይመረጣል፤ አሜሪካን ኤክስፕረስን የማይቀበሉ ትንንሽ ሱቆች አውሮፓ ውስጥ ብዙ ናቸው። አንዳንድ ኩባንያዎች የመርከቡን የመጨረሻ ሂሳብ ራሳቸው ወደ ካርዱ ባለቤት አገር ገንዘብ የሚለውጡበት አሠራር አላቸው፤ ፈቃዱ ካርድ ሲመዘገብ በሚሞላው ቅጽ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የእንግዳ መስተንግዶ ክፍል ሄዶ «ሂሳቤ በምን ገንዘብ ይነሣል?» ብሎ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በመጨረሻው ጠዋት ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሂሳቡም አብዛኛውን ጊዜ ከካርዱ ላይ ተነሥቷል።

«ጥሬ ዶላር ይዤ ብሄድስ?» ለሚል ደግሞ ካሪቢያን ጥሩ መልስ አላት። ባሃማስ ላይ የአገሩ ዶላር ከአሜሪካው ጋር አንድ ለአንድ ስለሆነ ችግር የለም። ኬይማን ደሴቶች ላይ ግን 1 የኬይማን ዶላር በ1.20 የአሜሪካ ዶላር የተቆረጠ ነው፤ ሱቆቹ ጥሬ የአሜሪካ ዶላር ሲቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን በ0.80 የኬይማን ዶላር ያሰሉታል። 40 የኬይማን ዶላር የተጻፈበት ዕቃ ክፍያ በማይጠይቅ ካርድ 48 ዶላር ገደማ ሲሆን በጥሬ ገንዘብ 50 ይሆናል። በሜክሲኮዋ ኮዙሜልም ዶላር የሚቀበል ነጋዴ የሚመነዝረው በራሱ ተመን ነው። ወደ ኖርዌይ ፊዮርዶች የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀድሞ ክሮነር መግዛት አያስፈልገውም፤ እዚያ ቡናም በካርድ ነው። በሌሎቹ ወደቦች ለታክሲ፣ ለገበያና ለጉርሻ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይበቃል።

ዴቢት ካርድን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፦ መርከብ ላይ አያስመዝግቡት። ኩባንያው ለሚጠራቀመው ሂሳብ መያዣ እንዲሆነው ከካርዱ ላይ ገንዘብ ያግዳል፤ ዴቢት ከሆነ የታገደው ለቤት ኪራይ ያስቀመጡት ገንዘብ ነው፣ ከጉዞው በኋላም እገዳው እስኪነሣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በክሬዲት ካርድ ከሆነ የሚታገደው ከተፈቀደልዎ የብድር ጣሪያ ላይ ነው። ሕጉም እኩል አይጠብቃቸውም። በአሜሪካ ሕግ ካርድዎን ሌላ ሰው ያለፈቃድዎ ቢጠቀምበት በክሬዲት ካርድ የሚጠየቁት እስከ 50 ዶላር ብቻ ነው። በዴቢት ግን መጥፋቱን ካወቁ በኋላ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሳወቁ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የባንኩ መግለጫ ከተላከልዎ በኋላ 60 ቀን ከዘገዩ ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ባሕር መሐል ኢንተርኔት ያልገዛ ተሳፋሪ ሁለት ቀን እንዴት እንደሚያልፍበት መገመት አያዳግትም። ክሬዲት ካርድ ይሻላል የምለው ሂሳቡ በወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፈል ከሆነ ነው፤ ዕዳው ከከረመ ወለዱ በምንዛሪ ያዳንነውን ሁሉ ይበላዋል።

ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ለዕረፍት ወጥቶ እንዲህ መቆጠብ ደስታ ይነሣል የሚሉም አሉ። ለአንድ ቡና ሲባል ከአሳላፊ ጋር መከራከር እንደማያስፈልግ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ እዚህ የምለው ደስታ አይቀንስም፤ የሚበላው ያው፣ የሚጎበኘው ያው ነው። 179 ዶላር ለአራት ሰው የአንድ ቀን ጉብኝት ሊሸፍን፣ አገር ቤት ላሉ እናትና አባት ሊላክ የሚችል ገንዘብ ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ «የውጭ ግብይት ክፍያ አለው ወይ? በዶላር ብከፍልም ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ይታሰብብኛል ወይ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ያንን ካርድ ቤት ይተዉትና ሌላ ያውጡ። አዲስ ካርድ በፖስታ እስኪደርስ አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ስልኩን ዛሬ ይደውሉ።